ዘበኛው ያልፈተሸው ጭምብል

«ማንም እንዳይነካው!» አለች የሟቹ እህት፣ ጭምብሉን ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቅላ ወደ ለቀስተኛው እየዞረች። «የነካው ሰው ጠቡ ከኔ ጋር ነው። አንዳንድ ሰው በተለይ ይስማ!»

አንዳንድ ሰው የተባለችው ጥግ ላይ፣ የተገለበጠ የፍራፍሬ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች የማያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ለቀስተኛው ግን አንድ የሚታይ ነገር ያለበት ይመስል ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። ቀና ብላ ጭምብሉን ያየችው የተባለችው፣ ጭምብል ሰፊዋ፣ ራሷ ብቻ ነበረች። ወፍራም ሸራ፣ ሁለት የመስታወት ዓይን፣ አፉ ላይ አየሩን የሚያጣራ ክብ የከሰል ቆርቆሮ። በገዛ እጇ የሰፋችው ነው። ትናንት የተቀበረው ሰው በመጨረሻ ጉዞው ያጠለቀው እሱን ነበር።

ሰዉ ሟቹን «ዘበኛው» ይለው ነበር፤ እሷም እንደዚያው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው እንኳ «ዘበኛው፣ ብርድ ልብሱን አትጎትት» ትለዋለች። ሌላ ስም አውጥታለት አታውቅም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ዓለም በአቧራ ከታፈነች ወዲህ የሚኖሩት በአንድ የቀድሞ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣው ከቆመ ቆይቷል። የቀረው ወፍራም ግድግዳውና አየር የማያሳልፈው የብረት በሩ ነው፤ ሰዎቹን ያተረፋቸውም እሱ ነው። ለሙዝና ለብርቱካን የተሠሩት ክፍሎች መኖሪያ ሆነዋል፤ በየአልጋው ራስጌ አየር የሚያጣራ የከሰል ሣጥን አለ። «እኔ ሙዝ ቤት ነኝ፣ እሷ ሎሚ ቤት ናት» ይባላል፤ አሁን በዚህ የሚስቅ የለም። ውጭ ያለው ቀይ አቧራ ሳንባ ይበላል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ፍለጋ ወደ ሞተችው ከተማ የሚወጡት ጥቂት አሳሾች ነፍሳቸው በሁለት ሴቶች እጅ ናት፤ ጭምብሉን በምትሰፋውና ከሰሉን በምታከስለው።

ሕጉም አጭር ነው። አሳሽ በሳንባው ከሞተ፣ ጭምብሉ ሐዘኑ እስኪያልቅ ማንም ሳይነካው ይሰቀላል፤ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ባለበት ይቀደዳል። ስፌቱ ተከፍቶ ከተገኘ የሰፋው ሰው ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ከበሩ ውጭ ይሸኛል። እስከ ዛሬ እንዲህ የተሸኘ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሰፊዋ በፊት የነበረው ሽማግሌ ሰፊ። ሲወጣ ወደ ኋላ ዞሮ አላየም ይላሉ።

«ያጽናሽ» እያለ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ሻይ የሚሉት ትኩስ ውሃ በቆርቆሮ ይዞራል። አዛውንቱ ዶክተር ከሰፊዋ አጠገብ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። ድሮ የከብት ሐኪም ነበሩ፤ ከብት ሲያልቅ ወደ ሰው ዞሩ። አሁን መጋዘኑን የሚያስተዳድሩትም፣ ጭምብሉን የሚቀድዱትም እሳቸው ናቸው።

«በልተሻል ልጄ?»

«በልቻለሁ ጋሼ።»

«ዋሾ። ላም እንኳ አልበላ ስትል አፍንጫዋ ይነግረኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የምፈርደው ባየሁት ነው። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ስፌቱን ታምኚዋለሽ?»

ሰፊዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት እጆቿን አየቻቸው። ማመን አቅቷት የነበረው እነሱን ነው። ዘበኛው ለመጨረሻ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ተጣልተው ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ድሮው መድኃኒት ቤት ሊሄድ እንደሆነ ሲነግራት፣ ሩቅ ነው፣ አትሂድ፣ ብላ ለመነችው፤ እንቢ አላት። ያን ጊዜ «እንግዲያው ሂድ፤ አትመለስ!» ብላ ጮኸችበት። ከክፍል ክፍል የሚለያቸው ጣውላ ነው፤ የሰማ ሁሉ ሰማ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ እንባና ንዴት ዓይኗን እያጨለመባት፣ ጭምብሉን ሰፋችለት። እጄ አፌን ሰምቶ ይሆን? ይህ ጥያቄ ከተቀበረ ወዲህ አልለቀቃትም።

«አላውቅም ጋሼ» አለች።

ዶክተሩ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ይህን መልስ እኔ አልሰማሁም» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ሰማይ ሰማያዊ በነበረበት ዘመን ሰፊዋ የሙሽራ ቬሎ ትሰፋ ነበር። ሱቋ ፊቱ መስታወት ነው። ከመንገዱ ማዶ ይኸው መጋዘን ነበረ፤ በሩ ላይ አንድ ዝምተኛ ዘበኛ ይቆማል። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት «እንደምን አደርሽ» ይላታል፤ ማታ ስትዘጋ «ደህና እደሪ»። በመሃል ያለውን ሰዓት ሁሉ ለመጋዘኑ ጀርባውን ሰጥቶ የሷን መስታወት ይጠብቃል። አንድ ቀን «ብርቱካኑ ተሰርቆ ቢያልቅ የመጨረሻው የሚሰማ አንተ ነህ» ብላ ቀለደችበት። አልሳቀም።

«ብርቱካን ይበሰብሳል» አለ።

ለቀልዷ መልስ መስሏት ረሳችው። ያን ሰሞን የምትሰፋው የራሷን ቬሎ ነበር። የሚያገባት ሰው መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስቆ የማይጠግብ። ቬሎውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷ ላይ አልብሳ በመስታወቱ ፊት ስታቆም ዘበኛው ከማዶ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ፊቱን ሲያዞር ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አቧራው ከከተማው ዳር ተነስቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ የብረት በር ወዳለው ሮጠ። እሷና መምህሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሁሉም በኋላ ደረሱ። ዘበኛው በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ ጠባብ ክፍተት ትቶ ቆሟል። ክንዷን ያዘና ወደ ውስጥ ሳባት። የመምህሩ ጣቶች ገና በጣቶቿ ውስጥ ነበሩ። ዘበኛው ጣቶቹን እንደ አዝራር አንድ በአንድ ፈታቸው። በሩ ተዘጋ። ከውጭ የሚያንኳኳው እጅ ለጥቂት ጊዜ አንኳኳ፤ ከዚያ ተወ።

ከርማ፣ ድምፅ ማውጣት ስትችል፣ ጠየቀችው።

«ቦታ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ጊዜ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ለምን?»

ዘበኛው መሬት መሬቱን አላየም። ዓይን ዓይኗን አያት። «አንቺን ፈለግሁ። እሱን አልፈለግሁም» አለ። «ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር ብትይኝም አላምንሽም።»

ያኔ ለነበሩት የመጋዘኑ ዳኞች ብትነግር በዚያው ቀን ከበሩ ያስወጡት ነበር። አልነገረችም። ሰዉ ሁሉ፣ እህቱ ጭምር፣ ከሞት ጎትቶ ያወጣት ደግ ሰው አድርጎ ነው የሚያውቀው። ዝም ያለችው አዝናለት አልነበረም። ለሌላ ሰው ፍርድ ልትሰጠው ስላልፈለገች ነው፤ ለራሷ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው እንደገና ሞቀ። እህትየው ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጭምብሉ ሥር፣ ድምጿን ለቀቀችው።

«ለሰው በር ስትይዝ የኖርከው ወንድሜ፣
ላንተ ማን ያዘልህ ንገረኝ በሕልሜ።»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። የእህትየው ድምፅ የሚያምር ድምፅ ነው፤ የሚጠላት ሰው እንኳ ሲሰማት ያለቅሳል። ሰፊዋም አለቀሰች። ይህን ያየች አንዲት የሎሚ ቤት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ «የአዞ እንባ» አለች፤ ሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ ግን እስከ ብርቱካን ቤት ተሰማ።

«ተይ እንጂ» አለች ጎረቤቷ።

«ምኑን እተወዋለሁ? ‹አትመለስ› ስትለው ሰምቻለሁ። ይኸው አልተመለሰም።»

«ተመልሷል እኮ። አልጋው ላይ ነው የሞተው።»

«ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ተመልሶ ነበር፤ እግሩን እየጎተተ፣ የመድኃኒት ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ። ጭምብሉን ሲያወልቅ ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። አልጋ ላይ ካስተኛችው በኋላ አልተነሳም። የትንፋሹ ድምፅ የደረቀ ቅጠል የሚረገጥ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ «በሩ ተዘግቷል?» አላት። «ተዘግቷል» አለችው። እንደ ሁልጊዜው አመናት፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ማመኑ ነው የሚያሳብዳት። አሳሽ ሁሉ አዲስ ጭምብል ሲቀበል ሰፊዋ ፊት ያጠልቅና የሚጤስ ጨርቅ ላይ ይደፋል። ጭሱ ከሸተተው ስፌቱ ክፍት ነው፤ መልሶ ይወረውርላታል። ይህ ስድብ አይደለም፤ የሥራው ወግ ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ አባት ለልጁ ቢሰፋም ይፈተሻል። ጭምብል ሰፊ እንድትሆን የተመረጠች ጊዜ መጀመሪያ የመጣላት ዘበኛው ነበር። ያን ጊዜ ገና የመምህሩ እጅ ሲያንኳኳ ይሰማት ነበር። ሰፋችለት፤ ስትሰፋም አገጩ ሥር አንዲት ስፌት አውቃ ዘለለች። ቀዳዳዋ የስንዴ ቅንጣት አታህልም፤ ግን ጭሱ ላይ ቢደፋ ወዲያው ያውቀዋል። ይወቀው፣ ይጩህ፣ በሕዝብ ፊት ይጠይቀኝ፣ እኔም ለምን እንዳደረግሁት እናገራለሁ ብላ ነበር ያሰበችው።

የሚጤሰውን ጨርቅ አቀረበችለት። ዘበኛው ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ ጭምብሉን አጠለቀና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ያን ቀን ሙሉ በሩ ሥር ቆማ ዋለች። ሰዉ እሱን የምትጠብቅ መሰለው፤ የምትጠብቀው ሞቱን ይሁን መምጣቱን ግን እሷም አታውቅም ነበር። ሲመሽ ገባ። ግድግዳ ተደግፎ እስኪደክመው ሳለ። ከዚያ ጭምብሉን እጇ ላይ አስቀመጠና «አገጩ ጋ ትንሽ ሰፋ ብሏል፤ ስትመቺ አጥብቂው» አላት። በማግስቱ መጣ። አጥብቃው ነበር፤ እሱ ግን አጥብቃው እንደሆነ አያውቅም። ጭሱን እንደገና አለፈው። አጠለቀው፤ ወጣ።

ጥላቻዋ ያን ጊዜ ተሰበረ ቢባል ውሸት ነው። ተሰነጠቀ። ሰው አንገቱን በየቀኑ አውጥቶ እየሰጠህ እንዴት አድርገህ ታርደዋለህ? ለሌሎቹ አንድ ዙር ስትሰፋ ለሱ ሁለት ዙር መስፋት ጀመረች። ይህንንም አልነገረችውም። ብዙ ዘመን እንዲህ ኖሩ፤ እሱ እየወጣ እሷ በሩ ሥር እየቆመች። አንድ ቀን ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ወደ ክፍሉ በገዛ እግሯ ገባች። «ይቅር ብዬህ አይደለም» አለችው። «አውቃለሁ» አላት። ቦታ ለቀቀላት። የወደደችው ያን ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ ግን ታፍራለች።

በሐዘኑ አጋማሽ፣ የውሃ ሰዓት ደርሶ ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ሲወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰፊዋና ከሰል አክሳይዋ ቀሩ። አክሳይዋ ቅንድቧ ከተቃጠለ የኖረ አሮጊት ናት። መጋዘኑ ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ጭምብሉን ለመጠበቅ እህትየው ትታት የሄደችው እሷን ነው፤ ምክንያቱም እትዬ በሕይወት ዘመኗ አጥፍታው የማታውቀው እሳትና አደራ ነው።

እትዬ በሩን አየች፤ ጭምብሉን አየች።

«መርፌሽ ኪስሽ ውስጥ ነው?»

«ሁልጊዜም ኪሴ ውስጥ ነው እትዬ።»

«ወገቤን ያመኛል። ትንሽ ልንቀሳቀስ። ፊቴን ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሬ ብንቀሳቀስ ይሻለኛል።»

ሰፊዋ ገባት። ጭምብሉ ክንዷን ብትዘረጋ ከምትደርስበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አገጩ ሥር ጣቷን ብታሳልፍ ታውቃለች። ክፍት ከሆነ፣ ሰው ውሃ ቀድቶ ሳይመለስ ትዘጋዋለች። በሕይወት ትኖራለች።

ተነሳች። ጭምብሉ ፊት ቆመች። የሱ ሽታ ነበረው፤ ሸራና ላብ። እጇ ወደ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

«እሱ አንድም ቀን አልፈተሸኝም» አለች። «ዛሬ እሱ በሌለበት እኔ ልፈትሸው?»

«እብድ ነሽ። የሞተ ሰው አይቀየም።»

«እሱ መቀየሙን አልፈራም እትዬ። እኔ ገድዬው ከሆነ መውጣት አለብኝ። በዚያው ጭምብል። ሌላ ፍርድ አልፈልግም።»

«ካልገደልሽውስ?»

ተመልሳ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች። እትዬ የወገቧ ሕመም ወዲያው ተሻላት። ቆየት ብላ ግን ሰፊዋን በጥንቃቄ አየቻት፤ ከእግር እስከ ራሷ፣ ከዚያ ደረቷ ላይ ቆየች።

«ሳልሽስ?» አለች።

«ተወኝ እኮ። ጋሼ ባዘዙልኝ እንፋሎት ሳይሻለኝ አይቀርም።»

«እንፋሎት» አለች እትዬ። አመሻሹ ላይ ግን ሻይ አልጠጣም ብላ ቆርቆሮውን መለሰች።

ሳሉ ያን የመጀመሪያ ቀን፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ወደ ሳንባዋ የገባ አቧራ ነበር። ከዓመት ዓመት ሲብስ ኖሮ አምና ደም አመጣ። ዶክተሩ በዘበኛው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለሷ ግን የፈላ ውሃ ላይ ተደፊ ብለው አዘዟት። ዘበኛው ያን ሰሞን ምግብ ራቀው። ከዚያ ቀስ በቀስ ሳሉ ላላ፤ እንቅልፍም መጣላት። ዶክተሩ በየሄዱበት «እንፋሎት ነው! ላምም ሰውም ያው ሳንባ ነው!» እያሉ ይኩራሩ ጀመር። እሷም «ዘበኛው፣ ዳንኩልህ እኮ» ብላ ስትስቅበት እሱም ሳቀ። መሳቅ እንዳልለመደ ሰው አፉን በእጁ ሸፈነ። አሁን ስታስበው ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ሳል እየዋጠ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተሰበሰበ። ክፍሉ ስላልበቃ ኮሪደሩ ሞላ። ከሚስማሩ ላይ ጭምብሉን ያወረደችው እህትየው ነች፤ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ዶክተሩ ፊት አስቀመጠችው። ዶክተሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። ድሮ ላም ሲያዋልዱ የሚይዙትን ምላጭ አወጡ።

«ማንም አይናገር» አሉ።

ሰፊዋ ቆማ ነበር። እንዲገኝ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ክፍት ቢሆን፣ ጥፋቱ የሷ ነው፤ ትወጣለች፤ አቧራው ውስጥ መምህሩም እሱም ወዳሉበት ትሄዳለች። ከባድ ነው፤ ግን ግልጽ ነው። ደህና ቢሆን እንዴት እንደምትኖር አታውቅም ነበር።

ዶክተሩ ከግንባሩ ጀመሩ። በጉንጩ ወረዱ። አገጩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ጥፍራቸውን በስፌቱ ላይ ነዱት፤ ሳቡት፤ በሁለት እጃቸው ጎተቱት። አልተንቀሳቀሰም። በምላጩ አንዱን ዙር ቆረጡ፤ ከሥሩ ሌላ ዙር ወጣ።

«ድርብ ነው» አሉ። «ይሄ ስፌት በሬ ቢስበው አይለቅም። እዩት።»

ጭምብሉ ከእጅ እጅ ዞረ። አሳሾቹ እያገላበጡ አዩት። ከመካከላቸው አንዱ «ለኛ እንዲህ አይሰፋልንም እንዴ!» አለ፤ በሐዘን መሃል ሰዉን ሳቅ አመለጠው። እህትየው ብቻ አልሳቀችም። ጭምብሉን ተቀብላ ስፌቱን ራሷ ጎተተችው።

«እና ወንድሜ በምን ሞተ? ስፌቱ ደህና ከሆነ አቧራው በየት ገባ?»

በዚህ ጊዜ እትዬ ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት መጣች። «ቆርቆሮውን ክፈቱት» አለች።

«ቆርቆሮው የባለቤቱ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ከሰሉን አሳሹ ራሱ ነው የሚሞላው። እሱ ላይ ሕግ የለንም።»

«ሕግ አላልኩም። ክፈቱት ነው ያልኩት።»

ዶክተሩ ክዳኑን ፈቱት። እትዬ ጨርቁ ላይ ዘረገፈችው። ለጭምብል የሚሰጠው ከሰል እንደ ጨው የደቀቀ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አንድ ጉዞ ከተሄደበት ይጣላል። ከቆርቆሮው የወጣው ግን ባቄላ ባቄላ የሚያካክል፣ የደበዘዘ፣ ቀይ ቀይ ያለ ነበር። እትዬ አንዱን አነሳችና ከአንድ ለቀስተኛ እጅ ሻዩን ቀምታ ውስጡ ጣለችው።

አዲስ ከሰል ውሃ ሲነካው ይንጫጫል፤ አረፋ ይተፋል። ይህንን መጋዘኑ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ከሰሉ ዝም ብሎ ሰመጠ።

«የሞተ ከሰል ነው» አለች እትዬ። «የጭምብልም አይደለም። ይሄን የምሰብረው እኔ ነኝ፤ እንዲህ አድርጌ የምሰብረው ለመኝታ ክፍል የአየር ሣጥን ነው። አዲሱን የጭምብል ከሰል በየጉዞው ከእጄ ይወስድ ነበር። የት እንዳደረገው ሄዳችሁ የክፍላቸውን ሣጥን ክፈቱ።»

ማንም ሄዶ አልከፈተም። አስፈላጊ አልነበረም። በየጉዞው ለሳንባው የተሰጠውን አዲስ ከሰል አልጋቸው ራስጌ ያለው ሣጥን ውስጥ ገልብጦ፣ ከሣጥኑ የወጣውን አቧራ የጠገበ ከሰል ቆርቆሮው ውስጥ ሞልቶ ሲወጣ ከርሟል። የሰዉ ዓይን ወደ ሰፊዋ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ልብ ያለው፦ ሐዘኑን ሙሉ አልሳለችም። እያለቀሰች እንኳ አልሳለችም።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንፋሎቱ መስሎኝ…» አሉ።

እህትየው ወደ ሰፊዋ ቀረበች። ጥላቻው ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። የቀረው ድካም ነው።

«በስፌት አልገደልሽውም» አለች። «በትንፋሽ ነው የገደልሽው።»

«እውነትሽን ነው» አለች ሰፊዋ።

ዘበኛው ሕያው ቢሆን ግን ደረቱን ትደበድበው ነበር። ሁለት ጊዜ መረጣት። ሁለቱንም ጊዜ አልጠየቃትም። መጀመሪያ አንድ ሰው ውጭ አስቀርቶ አስገባት፤ አሁን ደግሞ ራሱን ውጭ አስቀርቶ። ጠይቆኝ ቢሆን እንቢ እለው ነበር፣ አለች በልቧ፤ ለዚያ ነው ያልጠየቀኝ። ለመምህሩ ይቅር አላለችውም፤ ዛሬም አትለውም። ይህንንም አትለውም። ወደደችው ግን። ሐዘኑን ሙሉ ልቧ ላይ ተቀምጦ የነበረው ይህ ነበር፤ ጥላቻና ፍቅር ሁለት ሆነው ሳይለያዩላት አንድ ሰው አጣች።

«ነፃ ነሽ» አሉ ዶክተሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉትም እንዲሰሙ። «ሕጉ በዚህ አበቃ። ሐዘኑም በዚህ አበቃ። ሁላችሁም አጽናንታችሁ ሂዱ።»

ሰዉ ለስንብት ተሰለፈ። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ጨርቁ ላይ ከተዘረገፈው ከሰል እፍኝ አነሳች። ዱቄቱ በጣቶቿ መሃል ገባ፤ መዳፏ ቀይና ጥቁር ሆነ። ይህ እሱ የሳበው አየር ያለፈበት ነው።

እትዬ የእጅ መጥረጊያ ዘረጋችላት። «ጥረጊ ልጄ። ሰው ሊጨብጥሽ ነው።»

ሰፊዋ መጥረጊያውን አየች፤ አልተቀበለችውም። ቀኝ እጇን ጨበጠች፤ ጭብጡን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ግራ እጇን ዘረጋች።

የመጀመሪያው ለቀስተኛ የሎሚ ቤቷ ሴት ነበረች። ለአፍታ ግራ ገባት። ከዚያ እሷም ግራ እጇን አወጣችና «ያጽናሽ» አለች። ከኋላዋ ያሉትም እየቀረቡ፣ አንድ በአንድ፣ በግራ እጃቸው ጨበጧት።